የዘበናይ እርጥብ መኝታ

ወለላ የምትኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። ሥራዋ አጠባ ነው። የፔንሲዮን አንሶላና ፎጣ በማዳበሪያ ተሞልቶ ይመጣላታል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ይመለሳል። ከዱርቤቴ የመጣችው በወጣትነቷ ሲሆን መጀመሪያ ላይ አልጋ አንጣፊ ነበረች። ለምን እንደተወችው የሚጠይቃት ካለ፣ «አልጋ ስታነጥፊ እንግዳው ያዝሻል፣ ባለቤቱ ያዝሻል፤ አንሶላ ግን አይናገርም» ትላለች።

የማይለቅላት እድፍ የለም ማለት ይቻላል። የወይን ጠጅ፣ የቅባት፣ የደም፣ የሕፃን ሽንት፣ እያንዳንዱ የራሱ ውሃና የራሱ መዘፍዘፊያ ጊዜ አለው። ሽታ አልለቅ ሲል ደግሞ በረኪና አለ። ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ውሻዋ ስትታመም ወለላ በመጀመሪያ ያደረገችው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ልምድ ነውና።

ውሻዋ ዘበናይ ትባላለች። ቡችላ ሳለች አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሰውን በንቀት እያየች ትሄድ ስለነበር ነው ስሙ የወጣላት። አሁን አፈሙዟ ሸብቷል። ደጋግማ ከወለደች በኋላ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። የምትጠብቀው የግቢውን ባለቤት የሐጅ ሙሀመድዘይንን የእህል መጋዘን ነው። ቀን ቀን መጋዘኑ ደጃፍ ላይ በሰንሰለት ትታሰራለች፤ ማታ የውጪው በር ሲዘጋ ትፈታለች። ጠባቂ ውሻ ሲያዝ የኖረው እንዲህ ነው፤ ቀን ያልታሰረ ውሻ ሰው ይላመዳል፣ ሌባም አይፈራውም ይባላል።

በጥር መጨረሻ ላይ ዘበናይ የተኛችበት ጆንያ እየረጠበ መገኘት ጀመረ። ቀስ በቀስ እርጥበቱ ከጆንያው አልፎ ሐጅ ወደ መስጊድ የሚወጡበት መተላለፊያ ላይ ደረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት ሐጅ ለሶላት ታጥበው ሲወጡ የጀለቢያቸው ጫፍ ነካው። ቆም ብለው አዩት፤ ከዚያ ልብስ ማስጫው ሥር ወደ ነበረችው ወለላ ዞሩ።

«ወለላ፣ እኔ ከውሻሽ ጠብ የለኝም። አንድ ቀንም ሌባ አላስገባችብኝም።»

«አውቃለሁ ሐጅዬ።»

«ግን ይኸው፣ ተመልሼ ልብስ ልቀይር ነው። ዛሬ ብቻ ቢሆን እሺ። ረመዳን እየመጣ ነው።»

ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። በረመዳን እዚያ ግቢ ውስጥ ከመጋዘኑ ደጃፍ ጀምሮ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ የሰፈሩ ሰው ለአፍጥር ይሰበሰባል፤ ሶላትም እዚያው ይሰገዳል። መስገጃ ደግሞ ንጹሕና ደረቅ መሬት ይፈልጋል።

«እስከዚያ ካልደረቀች ቦታ ፈልጊላት» አሉና ገቡ።

የምታውቀው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ዱርቤቴ ያለው የወንድሟ የአካሉ ግቢ። ደወለችለት።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለ አካሉ።

«አርጅታለች።»

«ጥርስ አላት?»

«ያላትን ያህል አላት።»

«ላኪያት እንግዲህ። ጅብ እስኪወስዳት ድረስ ትጠብቅልኛለች።»

አካሉ ሲቀልድ ነው። ግን በዚያ ግቢ ሦስት ጎረምሳ ውሾች እንዳሉ፣ ጅቡም ሌሊት ሌሊት እስከ አጥሩ እንደሚመጣ ወለላ ታውቃለች። ስልኩን ዘጋችና በረኪናዋን አነሳች።

የሆነውን በቅደም ተከተል እንየው፤ እያንዳንዱ እርምጃ በራሱ ሲታይ ትክክል ይመስላልና። ደጃፉን በበረኪና ፈተገች። ሽታው ለጥቂት ሰዓት ጠፍቶ ተመለሰ። የሽታው ምንጭ ውሻዋ ናት ብላ የዘበናይን የኋላ እግሮችና የጭራዋን ሥር በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ አጠበች። ይህም አልበቃ ሲል የውሃ ሳህኗን አነሳች፤ ያልገባ አይወጣም ብላ ነው። ቀን ውሃ የለም፣ ማታ ትንሽ ይሰጣል። ለአንሶላ ቢሆን ሥራው እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ዘበናይ ግን ባሰባት። ማታ ስትፈታ ቶሎ ቶሎ ቁጢጥ ትላለች፤ የሚወጣው ጠብታ ነው። ቀን ደግሞ የተቃጠለ ቆዳዋን ስትልስ ትውላለች።

የሐጅ ልጅ ሚስት መዲና ከፊተኛው ቤት ትኖራለች፤ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። አንድ ጠዋት በርበሬ ልታሰጣ ወጥታ መሬቱን አየችና ወለላን ጠራቻት።

«እትዬ ወለላ፣ ነዪ እስኪ። ይሄ ቀላ አላለብሽም?»

ወለላ ጎንበስ ብላ አየች። ደም መሆኑን ለማወቅ ማሽተት አላስፈለጋትም።

«በይ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ይሄ የበረኪና ነገር አይደለም» አለች መዲና።

የባጃጁ ሹፌር መጀመሪያ እምቢ አለ። «እናቴ፣ ወንበሬ ላይ ብትሸናብኝስ?»

«አጥቤ እሰጥሃለሁ። እንጀራዬ ነው» አለችው ወለላ፤ ሳቀና ጫናቸው።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሔራን ወጣት ናት። ዘበናይን ጠረጴዛ ላይ አስወጥታ ሆዷን ዳበሰች፣ ቆዳዋን አየች፣ ከዚያ ብዙ ጠየቀች። የምትሸናው ነቅታ ነው ወይስ ተኝታ? ብዙ ነው ወይስ ጠብታ? ውሃ ትጠጣለች ወይ?

«ውሃውንስ ከለከልኋት» አለች ወለላ።

«ቆዳዋንስ ምን ነካው?»

«በረኪና። አቅጥኜ ነው ያጠብኋት፣ ዶክተር። ለነጭ ልብስ ከማደርገው በታች ነው ያደረግሁት።»

ዶክተሯ አልተቆጣችም። «ልብስ ላይ ያለ ሽንት ከውጭ የመጣ ነው፤ አንዴ ካጠቡት አለቀ። የእሷ ግን ከውስጥ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ውስጡን እንየው። ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሽንቷን ያምጡልኝ። ንጹሕ ዕቃ ይሁን፤ ግን እትዬ፣ ዕቃውን በፈላ ውሃ ብቻ ያለቅልቁት። በረኪና ከነካው ምርመራው ይበላሻል።»

የውሻ ሽንት በዕቃ መቀበል ቀላል ይመስላል። አይደለም። በማግስቱ ጠዋት ወለላ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ይዛ ዘበናይን ተከተለች። ዘበናይ ቁጢጥ ትላለች፣ ጭልፋው ይቀርባል፣ ዘበናይ ብድግ ብላ ትሄዳለች።

«እትዬ ወለላ፣ ወጥ ልታወጪላት ነው?» አለች መዲና ከበሯ ላይ።

«ዝም በይ አንቺ፣ ታስደነግጫታለሽ!»

«እኔስ ብሆን ሰው ከኋላዬ ጭልፋ ይዞ ቢቆም መች ይወርድልኛል!»

ወለላ እየሳቀች ውሻዋን ይዛ ወደ ሐይቁ ዳር ሣር ሄደች። እዚያ ጭልፋውን ትታ ዝርግ ሳህን ያዘች፤ ዘበናይ ሣሩን እያሸተተች ሳለ ከኋላ በዝግታ አሾለከችው። ሳህን አይታይም፣ አይነካም። ተሳካ።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ፤ የታሪኩ ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው። ዶክተር ሔራን ሽንቱን በጠቋሚ ወረቀትና በማይክሮስኮፕ አየችው። ስኳር የለበትም፤ ያረጀ ውሻ ብዙ ሲሸና መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት አንዱ ስኳር በመሆኑ ይህ ጥሩ ዜና ነበር። መግልና ባክቴሪያ ግን ሞልቶበታል። ሽንቱም በጣም ወፍሯል። ፊኛ የሚጸዳው በሚያልፍበት ውሃ ነው፤ ውሃ ሲከለከል ሽንቱ ይወፍራል፣ ያቃጥላል፣ ባክቴሪያውም ሳይታጠብ እዚያው ይራባል። ሌላም ነገር አለ። ዘበናይ በተፈጥሮዋ በታሰረችበት መሽናት አትወድም። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ትይዘዋለች። የተያዘ ሽንት እንደ ኩሬ ውሃ ነው፤ ይበላሻል።

ይህ አንዱ በሽታ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ፊኛዋ የቆሰለ ውሻ የሚያጣድፋት ነቅታ ሳለች ነው፤ ትቸኩላለች፣ ታምጣለች፣ ጠብታ ታወጣለች። የተኛችበት ጆንያ የሚረጥበው ግን ሳታውቀው ነው። የፊኛን አፍ አጥብቆ የሚይዝ ጡንቻ አለ፤ እርጅና ሲመጣ፣ በተለይም በመከነች ሴት ውሻ፣ ይላላል። ነቅታ ሳለች ይይዝላታል፤ እንቅልፍ ሲጥላት ይለቃል። በጥር መጨረሻ የጀመረው ይህ ነበር። ቁስሉ የተከተለው በኋላ ነው፤ እርጥብ ቆዳ፣ የታሰረ ሽንትና የተከለከለ ውሃ ተባብረው ጠሩት።

«ቁስሉን እናድነዋለን» አለች ዶክተር ሔራን። «መድኃኒቱን ደህና መሰለች ብለው እንዳያቋርጡ። ውሃ እንደ ልቧ ትጠጣ። ቀን ደጋግመው ያውጧት። ገላዋን ለብ ባለ ውሃ ብቻ አጥበው ያድርቁ፤ ይህን ቅባት ይቀቡላት።»

«ማንጠባጠቡስ?»

«ጡንቻውን የሚያጠብቅ መድኃኒት አለ። እዚህ ከተማ አላገኘሁትም፤ አዲስ አበባ አስጠይቃለሁ። ቢገኝም ሊቀንሰው ይችላል እንጂ ፈጽሞ ይተዋል ብዬ ቃል አልገባም።»

ወለላ እንደታዘዘችው አደረገች። ጠዋት አንሶላውን ስትዘፈዝፍ ዘበናይን ወደ ሣሩ ትወስዳለች፤ አስጥታ ስትጨርስ ትደግማለች፤ ከሰዓት መዲና ገበያ ስትወጣ በገመድ ይዛት ትሄዳለች፤ «ከቅመም ነጋዴነት ወደ ውሻ አሸኚነት ወረድሁ» እያለች። ደሙ ጠፋ። ቁጢጥ ቁጢጡ ቆመ። ቆዳዋ ሻረ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ዶክተሯ ሽንቱን ደግማ አየችው፤ ንጹሕ ነበር።

ጆንያው ግን ከእንቅልፍ በኋላ አሁንም ይረጥባል። እንደ ድሮው ሳይሆን በመዳፍ የሚሸፈን ያህል። ከአዲስ አበባ የተጠየቀው መድኃኒት አልመጣም። ረመዳን ደግሞ ደረሰ።

ወለላ ይህን ጊዜ ስለ ውሻዋ ያሰበችው እንደ እድፍ አይደለም። የምትለቀው ስትተኛ ብቻ ከሆነ፣ ጥያቄው የት ትተኛ የሚለው ነው። የልብስ ማጠቢያዋ ሲሚንቶ ከግቢው ጀርባ ነው፤ ወለሉ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ ያዘነብላል። እዚያ ላይ ከአሮጌ በር ጣውላ ርብራብ ሠራች፤ በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ተወች፤ በላዩ ቶሎ የሚደርቅ ስስ ጨርቅ አነጠፈች። ነጭ አንሶላዎቿ ከውሻዋ እንዲርቁ ማስጫ ገመዷን ወደ ጎን አዛወረች፤ ጥላ በዝቶበት ልብሱ ዘግይቶ የሚደርቅበት ቦታ ነው። ቻለችው።

በዋዜማው ሐጅ ሊያዩ እንደሚመጡ መዲና ቀድማ ነገረቻት።

«ዛሬ ጆንያዋ ደርቋል አይደል? ዳነች በያቸው፣ ይለቅ።»

«ነገ ብትረጥብስ?»

«ነገ ነገ ነው፣ እትዬ።»

ሐጅ መጡ። ርብራቡን ዞረው አዩት። ዘበናይ ተነሥታ ጭራዋን ቆላችላቸው፤ እሳቸው ልብሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ዳነች?»

መዲና ከኋላቸው ሆና ወለላን በዓይኗ ጠቀሰቻት።

«ቁስሏ ድኗል ሐጅዬ። ማንጠባጠቡ አልዳነም። ስትተኛ ያመልጣታል፤ ምናልባትም እንዲህ ሆና ትሞት ይሆናል። ግን ነቅታ እስካለች አያመልጣትም። የምትተኛው እዚህ ከሆነ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል።»

ሐጅ ወደ ማጠቢያው ገንዳ ጠጋ አሉ። ከገንዳው ውሃ በጣሳ ቀድተው ርብራቡ ላይ አፈሰሱ። ውሃው በጣውላዎቹ መካከል ወረደ፣ ሲሚንቶውን ተከትሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ደግመው አፈሰሱ፤ አሁን ከዳር በኩል። እሱም ወረደ።

«ዳነች ብትዪኝ ኖሮ እኔም ደጃፉ ላይ እንደ ድሮው አስራት ነበር» አሉ። «ምንጣፉም እዚያው ላይ ይነጠፋል። ያን ጊዜ ነበር ጉዱ።» ጣሳውን መለሱላት። «ቀን እዚህ ትተኛ። ማታ ሰው ከተበተነ በኋላ መጋዘኔን ትጠብቅ። የሰንሰለቷን ችካል ከደጃፌ ንቀዪልኝ።»

«ሳትታሰር ሰው ትላመድ ይሆናል፣ ሐጅዬ።»

«በእርጅናዋ ትላመድ። ሌባው መላመዷን በምን ያውቃል?»

መዲና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች።

በማግስቱ ደጃፉ ታጥቦ፣ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ደረቀ፤ ምንጣፉ ተነጠፈ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሰው መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት፣ ወለላ ዘበናይን በጓሮ በር አውጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደቻት። ዘበናይ በቀስታ ሣሩን አሸተተች፤ ቦታ መረጠች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጢጥ ብላ ረጅም ሸናች። ወለላ አልቸኮለችም። ፊኛ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሲሆን ለሚቀጥለው እንቅልፍ ብዙ የሚተርፍ ነገር እንደማይኖር አሁን ታውቃለች።

ሲመለሱ ሰዉ ተምር ቀምሶ፣ ሰግዶ፣ ምንጣፉ ላይ ሾርባ ይዞ ተቀምጧል። ወለላ ውሻዋን ርብራቡ ላይ አስተኝታ እጇን እየታጠበች ሳለ የሐጅ ድምፅ ከወዲያ ማዶ ተሰማ።

«ወለላ! ጨረሰች?»

«ጨርሳለች፣ ሐጅዬ!»

«እንግዲያው ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? ነዪ ቅመሺ!»

«ሁዳዴ ይዣለሁ እኮ!»

«አጥተነው ነው?» አለች መዲና፣ ሌላ ድስት እየከፈተች። «የአንቺን የጾሙን ለይተናል። ነዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»