የግራው ፔዳል

ሳምንቱን ሙሉ ስፈታው የሰነበትኩትን ፔዳል ለካ እያጠበቅሁት ኖሯል!

ዛሬ ጠዋት የሟቹን ባሌን ብስክሌት እየገፋሁ፣ እዚህ ሰበታ መንገድ ዳር ብስክሌት ወደሚጠግኑት ኦቦ ገመቹ ወሰድኩት። አይተው ሳቁብኝ።

«አዴ ጥሩነሽ፣ የግራ ፔዳል እንደ እርስዎ ነው፤ በተቃራኒው ካልያዙት እምቢ ይላል።»

ዝገቱ ላይ ነጭ ጋዝ አፍስሰው ቆዩ። ከዚያ መፍቻውን ወደ ቀኝ ሲረግጡት ጮኾ ለቀቀ። አዲስ ፔዳል ገጠሙልኝ።

ብስክሌቱን ያሠራሁት ለተከራዬ ለማርታ ነው። ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ይህንንም መጻፍ የቻልኩት በእሷ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት «እማማ፣ ሥራ ልሂድበት?» ብላ ለምናኝ ነበር።

«የሟች ዕቃ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም» አልኳት። ዝናብና ዝገት ግን ተቀመጡበት። እሷ ያን ሁሉ መንገድ ክረምት ከበጋ በእግሯ ተመላለሰች። እኔም በመስኮት እመለከታት ነበር።

ዛሬ «ውሰጂው» ስላት አቀፈችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ ልነግርዎ ፈርቼ ነው እንጂ ነገ ቤቱን ልለቅ ነው። ሰንዳፋ ሥራ አገኘሁ፤ ሰርቪስም አለው» አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያኔ ብሰጣት ምን እጎዳ ነበር?

እናንተስ፣ ሲለምኗችሁ ከልክላችሁ፣ በኋላ ስትሰጡ ተቀባይ ያጣችሁለት ነገር አለ? ካለ ጻፉልኝ፤ እኔ ብቻ እንዳልሆን።