ፍሪዘሩ ያልተከፈተበት ዒድ

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን መብራት ጠፋና ባለቤቴ ከፍሪዘሩ ምን እንደሚያወጣ ሲጨነቅ እኔ ብቻዬን ሳቅኩ። እሱ አያውቅም እንጂ በፍሪዘር ጉዳይ የቆየ ታሪክ አለኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ያለች አንዲት ትንሽ ድርጅት ለሙከራ ቀጥራኝ ነበር። ሥራችን ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ደቃቅ ጭረቶች መጻፍ ነው። ክሩ ድልድይ ላይ ተለጥፎ ድልድዩ ሲለጠጥ፣ ከጭረቶቹ የሚመለሰው ብርሃን ይለወጣልና ይታወቃል። ብርሃኑ በደንብ እንዲጽፍ ግን ክሩ አስቀድሞ ሃይድሮጅን ይጠጣል፤ ጋዙ እንዳይወጣበትም በብርድ ይቀመጣል። ታዲያ ዓርብ ከሰዓት የላቦራቶሪው ፍሪዘር ተበላሸ። ሰኞ ደንበኛ ፊት የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ካልተሳካልኝ መሰናበቴ ነው። የክሩን ጥቅል በረዶ በሞላ ሣጥን ይዤ ወደምኖርበት፣ ስካይላይን ሰፈር ወዳለው የአክስቴ የዘሃራ አፓርታማ ከነፍኩ።

ፍሪዘራቸው በዒድ ሥጋ ጢም ብሏል። ጥቅሉን በግድ ወሸቅኩና፣ “አክስቴ፣ እባክዎ እስከ ሰኞ አይከፈት። ከሞቀብኝ ሥራዬ አለቀ” አልኳቸው። ስለ ሥጋው ትዝም አላለኝ። እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ በሩን ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉት።

እሑድ ዒድ ሆነ። ከሶላት በኋላ ሌዘሩን ላስተካክል ሥራ ቦታ ሄጄ ስመለስ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ወር ሙሉ የጾመ ሰው አዲስ ልብሱን ለብሶ ምስር ይበላል። ምስር፣ ጎመን፣ ከዚያ ደግሞ ምስር። አክስቴ ወንበራቸውን ፍሪዘሩ አጠገብ አስጠግተው ተቀምጠዋል። ከአናንዴል የመጡት ጋሽ ኢብራሂም ፕላስተሩን አይተው፣ “ዘሃራ፣ ሥጋው ታሰረ እንዴ? ፒዛ ኦርደር ላድርግ?” አሉ።

“የልጅቷ መስታወት አለበት” አሉ አክስቴ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰኞ ብርሃኑ ጻፈልኝ፤ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለች፣ የምታምር መስመር ወጣች። አለቃዬ ክሩን የት እንዳቆየሁት ጠይቆ ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ለካ ጋዙ ወጥቶ ለማለቅ ቀናት ይፈጅበታል፤ በሩን ለደቂቃ ቢከፍቱት ምንም አይሆንም ነበር። ሥራውንም እዚያው አጸናልኝ።

ማታ ሁለቱንም ወሬ ለአክስቴ ነገርኳቸው። ስለ ሥራው አልሐምዱሊላህ አሉ። ስለ በሩ ግን፣

“ይሁን። አንቺ እየፈራሽ እኔ ልክፈተው?” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ብርሃን ጠልቀው የሚያውቁ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ምኑም ሳይገባቸው፣ እኔ ስለፈራሁ ብቻ፣ በዒድ ቀን እንግዳ ፊት አፍረው የጠበቁልኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።