ኮምቦልቻ ላይ ያልለፈፍኩት ማስታወቂያ

በደሴና በኮምቦልቻ ድምፄን የማያውቅ ሰው የለም ብል ማጋነን አይደለም። ፊቴን የማያውቁ ብዙ ናቸው። ድምፄን ግን በሬ የጠፋው፣ ልጁን ያስከተበ፣ ሰርግ የተጠራ፣ ስብሰባ የታዘዘ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን ሱቅ ገብቼ ጨው ስጠይቅ፣ ከኩታበር የመጣ ገበሬ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እኚህ ሰውዬ በሬዬን ያገኙልኝ ናቸው» ብሏል። ሥራዬ ልፈፋ ነው። መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኜ ከተማውን እየዞርኩ የሰውን ጉዳይ ለሰው አሰማለሁ። ያስተማረኝ የለም። ትምህርት ቤት የገባሁት ለወላጆች በዓል ማይክ ልተክል ብቻ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ሐጂ ይማም የሚባሉ ድምፅ ማጉያ የሚያከራዩ ሰው ዘንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማይኩን ሰጡኝና የጠፋ አህያ እንዳስነግር አዘዙኝ። እኔም ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። ማጉያው አፏጨ፣ ገበያተኛው ጆሮውን ያዘ፣ አጠገባችን የታሰሩ አህዮች ገመዳቸውን በጥሰው ሮጡ። ሐጂ ማይኩን ከእጄ ነጥቀው «አንተ ልጅ! አንድ አህያ እየፈለግን ነው ወይስ ያሉትን እያባረርን?» አሉኝ።

ያን ቀን የተማርኩት ዛሬም ይሠራልኛል። የሚጮኸው ማሽኑ ነው፤ ሰውየው መናገር ብቻ ነው ያለበት። ማይክ ከአገጭ ዝቅ ብሎ ይያዛል እንጂ አፍ ውስጥ አይገባም። ከማጉያው ጥሩንባዎች አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ መኪናው ላይ ይታሰራል። ደሴ ላይ ድምፅ ከጦሳ ተራራ ተመልሶ ይመጣልና ሁለተኛውን አረፍተ ነገር ከመጀመር በፊት የመጀመሪያው እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ይህን መጠበቅ ከእኔ በፊት ያወቀ ሰው አላየሁም።

በኋላ የራሴን አሮጌ ፒካፕ ገዝቼ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ማይክ ምን እንደሚያደርግ የገባኝ በስኳር ነው። ሸማቾች ሱቅ ስኳር መግባቱን እንዳስነግር ተላክሁ። አንዱን መንገድ ዞሬ ሳልጨርስ ሰው ሱቁ ደጃፍ ላይ ደርሶ መደርደሪያውን አፍርሶታል። ስኳሩ ገና ከመኪናው አልወረደም ነበር። የሱቁ ኃላፊ ራሱን ይዞ «ጋሽ እንድሪስ፣ ምን ብለው ነው የነገሯቸው?» አለኝ። «ስኳር ገብቷል ብቻ ነው ያልኩት» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ሌላ አልጨመርኩም። በማይክ የተነገረ ቃል ሰውን ከተቀመጠበት ያስነሳል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣሁ። ማስታወቂያው ሲያልቅ «ይህን ያስነገሩት እገሌ ናቸው» እላለሁ። ስሙን የማይሰጥ ሰው አላስተናግድም። አንዲት ነጋዴ የጎረቤቷ ዘይት የተቀላቀለ ነው ብዬ እንድለፍፍ ፈልጋ መጣች። «ስምሽን እጠራለሁ» ስላት «አይ፣ ተዉት፣ እሷም ሰው ናት» ብላ ሄደች። በዚህ ደንብ ስንቱን ጠብ እንዳስቀረሁ ማዘጋጃ ቤቱም አያውቅም።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልምጣ። ከድር ብዬ እጠራዋለሁ፤ ስሙ ግን ይህ አይደለም። ሱቁ የነበረበትንም መንገድ አልናገርም። ከድር የተቃጠለ የማጉያ ኮይል፣ ማለትም ድምፁን የሚያወጣውን የሽቦ ጥቅል፣ አውጥቶ አዲስ የሚጠቀልል ባለሙያ ነበር። እኔ ሰው የማደንቅ ሰው አይደለሁም፤ ራሴን ለማድነቅም ጊዜ አጥሮኛል። ይህን ልጅ ግን አደንቅ ነበር። እንደ ጸጉር የቀጠነ ሽቦ፣ ዙር በዙር ላይ ሳይደርብ፣ እያወራ፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሳ ይጠቀልላል። ሲጨርስ በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ያዳምጥና «ይቺ ትናገራለች» ይላል። እሱ የጠቀለለው ድምፁ አይሰነጠቅም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለ የማይክ ሰው ሁሉ የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ቤቴ መጡ። አንዱ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ጌታቸው፣ ሌላው የእህል ነጋዴው የሱፍ። እነዚህ ሁለቱ በማንኛውም ስብሰባ እንደተጨቃጨቁ የሚወጡ ናቸው። በአንድ ነገር ተስማምተው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ጌታቸው ስልኩን አወጣ። ከድር ከሌላ ወንድ ጋር ተቃቅፎ የተነሳው ፎቶ በቴሌግራም እየዞረ ነበር።

«ጋሽ እንድሪስ፣ በገበያው ዋዜማ ከተማውን እንዲዞሩልን ነው» አለ። «እንዲህ ይበሉ፦ ኮይል ጠቅላዩ ከድር ግብረ ሰዶማዊ ነው፣ ከተማችንን እያረከሰ ነው፣ ነገ በገበያው ሰዓት ሱቁ ፊት እንገናኝ።»

«ከተገናኛችሁ በኋላስ?» አልኩ።

«እሱን ሕዝቡ ያውቃል» አለ የሱፍ።

ሕዝቡ የሚያውቀውን እኔም አውቃለሁ። ግን አልደነገጥኩም፤ ደንብ አለኝ። «መልካም» አልኩ፣ «መጨረሻ ላይ ስማችሁን እጠራለሁ።»

የሱፍ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጌታቸው ግን ደረቱን ነፋ። «ይጥሩት! የአባቴንም፣ የአያቴንም ይጨምሩበት። የማፍርበት ነገር አይደለም።»

ደንቤ እንደዚያ ቀን ከድቶኝ አያውቅም። ስሙን የሚደብቅን ሰው ለመመለስ ነበር ያወጣሁት። ስሙን በኩራት ለሚሰጥ ምንም አላዘጋጀሁም ነበር።

«አልለፍፍም» አልኩ።

«ለምን? የመናገር ነፃነት የለኝም? ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈ ነው!»

«አለህ። ሂድና ተናገር፤ አልከለክልህም። ስለ ኃጢአት ልናገር ብትለኝ ማይኩንም አከራይህ ነበር። አንተ የምትለው ግን የሰው ስም፣ የሰው ደጃፍና ቀጠሮ ነው። እሱ ንግግር አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ እርስዎም ከነሱ ወገን ነዎት» አለ የሱፍ።

«በዚህ ዕድሜዬ?» አልኩት። «ባለቤቴ ብትሰማህ በሳቅ ትሞታለች።»

ጌታቸው አልሳቀም። «ከእንግዲህ የእኛን ቤት ሰርግ አይጠብቁ» ብሎ ወጣ። «ማይክ ያለው እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ከደሴ እናመጣለን።»

ሰው እንዳይሳሳት እዚህ ላይ ልናገር። እኔ ሰጋጅ ነኝ። ሃይማኖቴ ስለዚህ ነገር የሚለውን አውቃለሁ፤ ከማንም ጋር አልከራከርበትም። ፈጣሪ ዘንድ ስቀርብ የምጠየቀው ግን እኔ ስላደረግሁት ነው። ሰው ሰብስቤ የአንድ ሰው ደጃፍ ላይ ከለቀቅሁ፣ ያ የእኔ ሥራ ነው።

ቀጥታ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ፎቶውን አይቶታል። እጁ ግን ሽቦውን አልተወም። የመጡብኝን ሰዎች ነገርኩት።

«አብሽር» አልኩት። «ዘዴ አለኝ። ዛሬውኑ እዞራለሁ። ሐሰት ነው፣ የምቀኞች ወሬ ነው ብዬ እለፍፋለሁ። በራሴ ስም። ድምፄን የሚያምን ሕዝብ ነው።»

ከድር ማሽኑን አቆመ።

«ጋሼ፣ አይልፈፉልኝ።»

«ለምን?»

«እርስዎ በዕድሜዎ ሐሰት ለፍፈው አያውቁም። በእኔ አይጀምሩ።»

 የገባኝ ገባኝ። ሌላ አልጠየቅሁም፤ እሱም ሌላ አልጨመረም። አንድ «እሺ» ቢለኝ የእኔ ድምፅ ይሸፍነው ነበር። ያን የመሰለ መሸሸጊያ እየቀረበለት አልፈልግም ሲል፣ ወላሂ፣ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አልችለውም ነበር። ይህን ስለ ራሴ የምናገረው ብዙ ጊዜ አይደለም።

«ገበያ ቀን ሱቅህን ዝጋና ዘመድ ቤት ዋል» አልኩት።

«ከዘጋሁ ሁለተኛ አልከፍተውም» አለ።

ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ደሴ ላይ ጌታቸው ሊቀጥረው የሚችለው ሰው ታደሰ ነው። ማይክ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ገበያ መኪናው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ደውለውልኛል» አለ ገና ሳልቀመጥ። «ጋሼ፣ በዚህ ነገር አይለምኑኝ። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው አጠገቤ አላስቀምጥም።»

«አጠገብህ አስቀምጠው አላልኩም። እሱም አንተ አጠገብ ልቀመጥ አላለም።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«አትለፍፍ።»

«ሥራዬ ነው! ሰው አስነግርልኝ ካለ አስነግራለሁ። የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ ባለ ጉዳዩ ነው።»

ይህን ቃል እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ።  ቀና ስል መኪናው ጣሪያ ላይ የታሰሩትን ሁለት ጥሩንባዎች አየሁ።

«እነዚህን ማን ጠቀለለልህ?» አልኩት።

ታደሰ ቀና ብሎ አየ። 

«ባለፈው ክረምት ተቃጥለውብህ ይዘህ የወረድከው ማን ዘንድ ነው? በሱቁ ደጃፍ እያለፍክ ስሙን ስትጠራ፣ በእሱ እጅ ሥራ ነው የምትጠራው። ድምፁን ይለየዋል። የጠቀለለውን ኮይል በመንገድ ሲያልፍ የሚያውቅ ልጅ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰይጣን ነዎት እኮ!» አለ።

«ትለፍፋለህ?»

ጥሩንባዎቹን እንደገና አየ። ከዚያ «መኪናዬ ተበላሽታለች እላቸዋለሁ» አለ። «ስለ እሱ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።»

«ሐሳብህን ያዘው፤ የመጣሁት ለሐሳብህ አይደለም» አልኩት። ለቀሩት የማይክ ሰዎች፣ ሥራውን እንዳይቀበሉ፣ እሱ ራሱ ደወለላቸው። ሁሉም ጥሩንባ ነበራቸው፤ ሁሉም ከድር ዘንድ አሠርተዋል።

የገበያው ቀን ደረሰ። በርጩማዬን ይዤ ከድር ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሱ ውስጥ ይጠቀልላል። ጌታቸው ከጥቂት ጎረምሶች ጋር መጣና የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ላዩ ላይ ወጣ። ማይክ የለውም። በጉሮሮው ጀመረ።

ፒካፔ እዚያው ቆማለች። አንድ ቁልፍ ተጭኜ ክትባት ክትባት ብል የጌታቸው ድምፅ ይዋጥ ነበር። አሰብኩት፤ ተውኩት። ሂድና ተናገር ያልኩት እኔ ነኝ።

ተናገረም። ግን በባዶ ጉሮሮ ገበያን ማሸነፍ እኔም አልችል፤ እሱ እንዴት ብሎ? «ወገኖቼ!» ሲል የሚኒባሱ ረዳት «ደሴ! ደሴ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። «ባህላችን!» ሲል ፍየል ይጮሃል። ከሚያልፈው ሰው አንዳንዱ ቆመ፣ አንዳንዱ ወደ ሱቁ ተፋ። አንዱ ጎረምሳ ጭቃ አንስቶ በሩን መታ። ከድር ራሱን ቀና አድርጎ አይቶ ወደ ሽቦው ተመለሰ። ሰው እየበዛ ነበር። እኔ ከበርጩማዬ ተነስቼ በሩ መሐል ቆምኩ።

ያኔ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣች።

«ዘወር በሉ፣ ቴፔን ልውሰድ!»

«እትዬ፣ እሱ ዘንድ ይገባሉ?» አላት ጌታቸው ከሳጥኑ ላይ።

«አንተ ትሠራልኛለህ?»

«ማን እንደሆነ አልሰሙም?»

«ምኑን እሰማለሁ፤ ቴፔ ተበላሽቶ!» ብላ በአጠገቤ አልፋ ገባች።

ሰዉ ሳቀ። ሁሉም አልሳቀም፤ የሳቀው ግን ይበቃል። ሳቅ የገባበት ሰው ድንጋይ ለማንሳት አይጎነበስም። ሰዉ አንድ አንድ እያለ ወደ ገበያው ተመለሰ። ጌታቸው ድምፁ እስኪዘጋ ቆየና ሳጥኑን ይዞ ሄደ።

ነገሩ በዚህ አማረ ብዬ አልዋሽም። ደንበኛ ቀነሰ። ብዙዎች የተበላሸ ዕቃቸውን በእኔ በኩል መላክ ጀመሩ፤ በቀን ሱቁ ሲገቡ መታየት አልፈለጉም። ክረምቱ ሲያልፍ አከራዩ ሱቁን እፈልገዋለሁ አለው። ከድር የመጠቅለያ ማሽኑን፣ ሽቦውን፣ መበየጃውን በእኔው ፒካፕ እስከ መናኸሪያ ጭኖ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄደ። የት እንዳለ አልናገርም። እየሠራ ነው። ሥራውን በጆሮዬ አውቀዋለሁና ሰው ሳይነግረኝ ነው የደረስኩበት።

በሥራ ዘመኔ ያደረግሁትን እዘረዝራለሁ፤ ሌላ ሰው በትክክል አይዘረዝርልኝም። ከኩታበር እስከ ኮምቦልቻ የጠፉ ከብቶችን ከባለቤታቸው አገናኝቻለሁ። ገበያ ላይ ከእናታቸው የተለዩ ልጆችን አንድም ሳይቀር መልሻለሁ። የክትባት ዘመቻ በእኔ ድምፅ ሲነገር ሐኪሞቹ መድኃኒት አልቆባቸው ያውቃል። ደሴ ላይ የተራራውን ድምፅ ጠብቆ መናገርን አስተምሬያለሁ። ዛሬ በሁለቱ ከተማ ማይክ የያዘ ሁሉ ወይ የእኔ ተማሪ ነው፣ ወይ የተማሪዬ ተማሪ። ሐሰት ለፍፌ አላውቅም፤ ልለፍፍ የተነሳሁበትን አንድ ቀን ከድር ከልክሎኛል። ለማይክ ሰዎች የምለው፣ የሰው ስምና ደጃፍ ከነቀጠሮው ይዞ የመጣን ሰው አታስተናግዱ፤ የራሱን ስም ቢሰጣችሁም። የጌታቸውን ቤት ሰርጎች አጥቻለሁ፤ ሌሎች ሰርጎች ነበሩ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በገበያ ቀን ሱቁን ከፍቶ ዋለ፣ ማታ በራሱ እጅ ቆለፈ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ።