የፍየል ራስ ቢነፋ

ልጄ ባለ ካሬ ደብተር ግዛልኝ ባለችኝ ቁጥር አንድ የቆየ ቅናት ይነሳብኛል። ቢቸና ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ይበልጣል የሚባል ልጅ ከሞጣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አባቱ ሥጋ ቤት ከፍተው ነበር። መምህራችን ስም ሲጠሩ «ይበልጣል» ባሉ ቁጥር በእኔ ላይ የተፈረደ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን መምህሩ ድመት የሚያክል እንስሳ የራስ ቅል በጠመኔ ሳሉ። ልጁን በሆዱ ከረጢት የሚያሳድግ፣ ከአውስትራሊያ ምድር የጠፋ እንስሳ ነው አሉን። «በሬ የሚያክል ዘመድም ነበረው። የእሱን ራስ ቤታችሁ ገምታችሁ ሳሉ። የተሻለው ይህን መጽሐፍ ይወስዳል።» መጽሐፉ እነዚያን እንስሳት የሚያሳይ ባለ ሥዕል ነበር። እኛ ቤት ከዳዊት በቀር መጽሐፍ አልነበረም።

እኔ የደብተሬን ካሬ ቆጥሬ የትንሹን ቅል ሁሉን ነገር እኩል አሳደግሁት፤ ዓይኑንም፣ አፍንጫውንም፣ የአንጎሉንም ቤት። ይበልጣል የሳለው ግን ፊቱ የረዘመ፣ የዓይኑ ጉድጓድ ያነሰ፣ የአንጎሉ ቤት ወደ ኋላ የተሸጎጠ ነበር። ሳቅሁበት። መምህሩ ግን ደጋግመው አዩት። ያኔ እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ እሱ አይደለም የሳለው፤ አባቱ ናቸው።»

ውሸት ነበር። ይበልጣል አልተቆጣም። «የኔ አባት? ፊርማቸውም ጣታቸው ነው» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ።

በማግስቱ የፍየልና የበሬ የራስ ቅል በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። «እየው እንግዲህ። የፍየል ራስ ቢነፋ የበሬ አይሆንም። አካል ሲገዝፍ ፊት ነው የሚረዝመው፤ አንጎል እኩል አይከተልም።»

«እንደዚህ እንደ ረጅሙ በለና» አለ አንዱ ከኋላ። ከክፍሉ ረጅሙ እኔ ነበርሁ።

መጽሐፉን ይበልጣል ወሰደ። አንብቦ ሲጨርስ ሳልለምነው አመጣልኝ። «ጊዜ የለኝም» አልሁት። ጊዜ ነበረኝ።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋረጥሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያገኘሁት ሰው ደጅ ቆሜ ከተዋስኋቸው መጻሕፍት ነው። ልጆቼን ቅናት አጥንት ያነቅዛል እያልሁ እገሥጻለሁ፤ ከየት እንዳወቅሁት ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ያኔ እነዚያን አውሬዎች ለማየት በከተማው የነበረው አንድ መጽሐፍ ነው፤ ዛሬ ልጄ በስልኳ ባንድ አፍታ ታገኛቸዋለች። ይበልጣል ሞጣ ተመልሶ መምህር ሆኗል ይሉኛል። በእሱስ መቅናቱን ተውሁ። አሁን የምቀናው በተማሪዎቹ ነው።