የሐሙስ ጨው ተራ

አያታችን ባለፈው ሳምንት ሳይሠቃዩ፣ በአልጋቸው ላይ እንዳሉ ወደ አኼራ ሄዱ። አልሐምዱሊላህ። አልቅሼ አልቅሼ ግን ቀለል ብሎኛል። ጭንቀታቸው ቀድሟቸው ስለሄደ ነው።

ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው ከተማችን በሐሙስ ገበያ የቆመች ነበረች፤ ቡና ከገጠር ሲወርድ፣ ጨው በበቅሎ ሲጫን። አያታችን ጨው ነጋዴ ነበሩ። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ደብዛው ከጠፋ በኋላ፣ ገበያው ወደ እሑድና ወደ ላይኛው ሜዳ ተዛወረ። ቤታችንም ፈረሰና ሌላ ሰፈር ገባን። እሳቸው ግን ሐሙስ ሐሙስ ኮፊያቸውን አድርገው ባዶው ጨው ተራ ሄደው ድሮ ይሸጡበት የነበረው ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር።

እኔ አፈርኩ። “አባባ፣ ሰው እየሳቀብዎት ነው። ገበያው እኮ የለም!”

“ወንድምሽ የሚያውቀው ሐሙስንና ጨው ተራን ነው። ሲመጣ የት ይፈልገን?”

አንድ ሐሙስ፣ ክራንች የያዘ ከሲታ ሰው ደግፈው ገቡ። “አላልኩሽም?” እንኳን አላሉም። “ሻይ ጣጂ፣ ወንድምሽ ደክሞታል” አሉኝ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ባዶው ድንጋይ ላይ ሄጄ ለማልቀስ አሰብኩ። ስደርስ ወንድሜ የአያታችንን ኮፊያ አድርጎ ተቀምጦበታል።

“አንተ ደግሞ ማንን ትጠብቃለህ?”

“አብረውኝ ከሄዱት ያልተመለሱ አሉ” አለኝና፣ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።