እትዬን ያጫወትኩ ቀን

ፒያሳ በአንድ የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቅ ስቀጠር ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ካቆምኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን ጋሪ እየቀነሰ ባጃጅ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛዬ የትምህርት ቤትና የገበያ ነበር።

የሱቁ ባለቤት እትዬ ለረጅም ጊዜ አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ዕቃ ቢሰበር ይታገሳሉ፤ ቃል ሲሰበር ግን አይችሉም። ደንበኛ እንኳ አይምሩም።

«እትዬ፣ ትናንት የረሳኋቸው ቁልፎች እርስዎ ጋር ናቸው?» ይላል ልብስ ሰፊው።

«'እርስዎ ጋ ናቸው?' በል! 'ጋር' አብሮ ለሄደ ነው። ቁልፎችህ ከእኔ ጋር ሽርሽር ወጥተዋል?»

«ወይ ጉድ፣ ዚፕ ልገዛ መጥቼ ፈተና ገባሁ!»

እሱ ስቆ ይሄዳል። እኔ ግን እዚያው ነኝ። «ሕፃናቶች» ስል «'ሕፃናት' ራሱ ብዙ ነው፤ ስንቴ ትወልጃቸዋለሽ?» ይሉኛል። ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ሳደርግ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስለዚህ ማውራት ተውኩ። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ወይም ዕቃውን አውርጄ አሳያለሁ። እትዬ ይህንንም አልወደዱትም።

«ዲዳ ሻጭ አልቀጠርኩም። እስከ ወሩ መጨረሻ አፍሽን ካልከፈትሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። ሥራውን እወደው ነበር። ቢሆንም አፌ እምቢ አለ።

ወሩ ሳያልቅ ባለቤታቸው አረፉ።

ለቅሶ የሄድኩት ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ፣ ሰው እንደማይበዛ አስቤ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» የሚለውን መንገዱን ሁሉ ስለማመደው ሄድኩ። ስገባ እትዬ ፍራሽ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከአዲስ አበባ የመጣችው የእህታቸው ልጅ ጓዳ ሻይ ታፈላለች። ሐዘንተኛን በዝምታ መተው ነውር ነው፤ የመጣ ሰው ማጫወት አለበት። ሌላ ሰው እስኪመጣ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። እትዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የባለቤታቸውን ፎቶ ማየት ጀመሩ።

ሳላስበው ስለ አክስቴ ጀመርኩ። አክስቴ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገዝታ ፌስታሉን መሬት ስታስቀምጥ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ መጥቶ በምንቃሩ ያዘው። እሷ በአንድ በኩል፣ ወፉ በሌላ በኩል ይጎትታሉ። «ሕፃናቶች ከበቧት» አልኩ።

«ሕፃናት ነው የሚባለው» አለች የእህታቸው ልጅ፣ ሻይ ይዛ እየገባች።

ወሬዬን አቋርጬ ሻዩን ተቀበልኳት።

«ተያት» አሉ እትዬ። «ልጅቷ ታጫውተኝ። እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ... አክስቴ አማርኛ ብዙ አትችልም። ወፉ ደግሞ መላጣ ነው፣ ሽማግሌ ይመስላል። አፈረች መሰለኝ፣ 'ኧረ ይልቀቁኝ፣ እባክዎ!' አለችው።»

«ለአባ ኮዳ? እርስዎ?» አሉ እትዬ።

«አዎ። ልጆቹ 'አንቱ፣ ይልቀቋት!' እያሉ ጮኹ።»

እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ከዚያ አለቀሱ። «እሳቸው ይህን ቢሰሙ» አሉ ወደ ፎቶው እያዩ። «ሌላ አውሪኝ።»

እስኪመሽ አወራሁ። የተለማመድኩትን ቃል ሳልናገር መውጣቴን ያወቅኩት በሩን ካለፍኩ በኋላ ነው።

ጥቁር ለብሰው ሱቅ በተመለሱ ቀን ልብስ ሰፊው መጥቶ ጥቁር ክር ጠየቀ። አንገቴን ከመነቅነቄ በፊት እትዬን አየሁ። እሳቸውም ያዩኛል።

«እኛ ጋር አልቋል፤ ነገ ጠዋት ይመጣልናል፤ ከፈለግክ አስቀምጥልሃለሁ» አልኩ።

የእትዬ አፍ ሲከፈት አየሁት። ግን ጠበቁ። እስክጨርስ፣ ሰውየው አመስግኖ እስኪወጣ ጠበቁ።

«እኛ ጋ» አሉኝ ከዚያ፣ ቀስ ብለው።

«እኛ ጋ» አልኩ።

ስለ ወሩ መጨረሻ ዳግመኛ አላነሱም። ስሳሳት ግን ዛሬም ያርሙኛል። ብቻ መጀመሪያ እስክጨርስ ይጠብቃሉ።