ትኩሳት የያዘው ባሕር

በኮሮናው ዓመት ከዱባይ አለፍ ብላ ባለችው አጅማን ላይ ባሕሩን በፕላስቲክ ገመድ አጥረውት ከረሙ። ባሕሩ እንዳያመልጥ ይሁን እኛ እንዳናስይዘው እስካሁን አልገባኝም። ገመዱ ሲነሳ ደግሞ ነሐሴ ገብቷል። አገር ቤት ነሐሴ ዝናብ ነው። እዚያ ግን ባሕሩ ለሻይ የተጣደ ይመስላል።

ያኔ አል ራሺዲያ ሰፈር ውስጥ በአንድ ክፍል ለስድስት፣ «ቤድ ስፔስ» በሚሉት የአልጋ ብቻ ኪራይ ነበር የምኖረው። ዘጠኝ ዓመት ያበሰልኩላት ዱባይ አል ዋርቃ ያለችው ማዳም በሽታው ሲገባ «ለጊዜው ነው» ብላ አሰናብታኝ አምስተኛ ወር ይዣለሁ። ሥራ ስፈታ ጉልበቴም አብሮ ተቆለፈ።

መላውን ያመጣችው አጠገቤ የምትተኛው የከሚሴ ልጅ ናት።

«እማማ፣ ባሕሩ እኮ ፍል ውሃ ሆኗል። ሰባት ቀን ይግቡበት፤ ጉልበትዎ ካልተፈታ ስሜን ይቀይሩት።»

«ጨው ያለው ፍል ውሃ የት አየሽ?»

«የሀብታም አገር አይደል? ቅመም ጨምረውበት ነው!»

ከሱብሒ ሰላት በኋላ እየሄድን እስከ አንገታችን እንዘፈዘፍ ጀመር። መረቡን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ሳቀብን። «ዓሣው ሸሽቶ ጥልቁ ውስጥ ገብቷል፤ እናንተ ትገባላችሁ? ይሄ ባሕር አፉ ጠባብ ነው። ሙቀቱ አንዴ ከገባ መውጫ የለው። በልጅነቴ እንዲህ አልነበረም፤ ከዓመት ዓመት ብሶበታል» አለን። ቀና ብዬ ዳርቻውን አየሁ። የተደረደረው ፎቅ ሁሉ ብርዱን ለራሱ አስቀርቶ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይተፋል። ሞቀኝ ብሎ የሚከስ እንጂ ማን አሞቀው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በስድስተኛው ቀን ማዳም ደወለች። «ያላ፣ ወደ ሥራሽ ተመለሺ፤ ነገ ጠዋት ሾፌሩ ይመጣል።»

ነገ ሰባተኛው ነው። ፍል ውሃ ደግሞ በስድስት አይቋረጥም። ስለዚህ ጠዋት ገባሁ፤ እንደ ወጣሁም ነፋስ እንዳያገኘኝ ጋቢዬን ተከናንቤ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሕንዳዊ ነው፤ ደግ ሰው።

«ያን ማቀዝቀዣ ዝጋልኝ።»

«ማማ፣ ነሐሴ ነው!»

«ዝጋ አልኩህ!»

ዘጋው። የሻርጃን ከተማ ሳናልፍ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ።

የማዳም በር ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ያቺን እንደ ሽጉጥ የምትያዝ የትኩሳት መለኪያ ግንባሬ ላይ ደገነ። ሠላሳ ስምንት። ማዳም ከመስታወቱ ኋላ ጮኸች። «ኮሮና! ወደመጣሽበት ተመለሺ!»

አምስት ወር የጠበቅሁት ሥራ ከደጅ ሊመለስ ነው።

«ያተኮሰው ባሕሩ ነው፤ እኔ አይደለሁም!»

«ባሕር ያተኩሳል እንዴ?»

የግቢዋን መዋኛ በማሽን የምታቀዘቅዝ ሴት ይህን ከየት ትወቀው? እኔም እልህ ያዘኝ። «እኔ ብቻ ለምን እለካለሁ? ሾፌሩም ይለካ!» አልኩ። መለኪያውን ነጥቄ ሾፌሩ ላይ ደገንኩ። እሱም ሠላሳ ስምንት!

«አንተም አትገባም! አሥራ አራት ቀን፣ ያለ ደመወዝ!» አለች ማዳም።

ሰውዬው ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ፍትሕ ፍትሕ እያልኩ የሰው እንጀራ ልደፋ! ዘጠኝ ዓመት ተናድጄ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

«ማዳም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ማቀዝቀዣውን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ስጪን። እሱ ካልገባ እኔም አልገባም፤ ምሳሽንም ከምግብ ቤት እዘዢ።»

አምስት ወር ሙሉ ከምግብ ቤት ስታዝዝ ኖራለች። «ግማሽ ሰዓት፤ ኸላስ፣ በቃ» አለች።

ጋቢዬን ገፍፌ፣ የፍል ውሃውን ሕግ ሁሉ አፍርሼ፣ መኪናው ውስጥ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፍተን ተቀመጥን። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሾፌሩ ሳቀ፤ ይቅር እንዳለኝ በዚያ አወቅሁ። ተራ በተራ ስንለካ ሁለታችንም ደህና።

ማዳም በሩን ከፈተች። እኔ ግን መለኪያውን አልመለስኩም።

«ያላ ማዳም፣ ተራሽ ነው።»

«እኔ?»

«አብረን አይደል የምንኖረው?»

ዓይኗ ፈጠጠ፤ ግን ራሷን ዘንበል አደረገች። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ግንባሯ ሠላሳ አራት አለ።

«ይሄማ የሬሳ ነው» አልኩ በአማርኛ። በዐረብኛ «ደህና ነሽ» ብያት ወደ ኩሽናዬ ገባሁ።